ለአባባ ለደረሳችሁልን ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን። አባባ በሰላም ቤታቸው ገብተዋል። ከዴልሂ ከተመለስን ዛሬ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ቁስሉ ደርቋል። ደረጃም ቀስ እያሉ ይወጣሉ።

ገንዘቡ እንዴት እንደሞላ አልነግራችሁም፤ የሞላችሁት እናንተ ናችሁ። የእድራችን አባላት፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ የእቁብ ዕጣችሁን ለእኛ የለቀቃችሁ እህቶቼ፣ ስማችሁን ሳትነግሩን በባንክ ያስገባችሁልን፣ እግዜር ብድራችሁን ይክፈል። የልባቸውን ቫልቭ የቀየሩላቸው ሐኪሞችና አጠገባቸው ያደሩት ነርሶች እጃቸው ይባረክ። እዚያ የሚማሩት ልጆቻችንም በየተራ ሽሮ ሠርተው ያመጡልን ነበር። እናት ይመስል!

አንድ ሰው ግን ቀርተውኛል። እኛ መኖራችንን እንኳ አያውቁም። ፕራህላድ ሲንግ ቲፓኒያ ይባላሉ፤ የህንድ ባህላዊ ዜማ ተጫዋች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴልሂ በገባን በማግስቱ አባባ «ደረቴን አላስከፍትም» አሉ። «ሞቼ በሰው አገር ልቀር ነው? መልሱኝ» አሉ። እህልም እምቢ አሉ። ሦስት ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ለምኜ ለምኜ አቃተኝ።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ሁላችንም አንቲ የምንላቸው ሴት፣ በመካከለኛው ህንድ ያለችው የኡጃይን ከተማ አካባቢ ሰው ናቸው። ጠዋት ሻይ ሲያፈሉ ከስልካቸው የቲፓኒያን ዜማ ይከፍታሉ። አባባ ከመዝሙር ሌላ ብዙም አይሰሙም። በአራተኛው ቀን ግን ዞር አሉና «ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?» አሉ።

አንቲ ስልኩን ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ። ሰውየው በአንድ እጃቸው ባለ አምስት ክር ታምቡራ ይመታሉ፤ በሌላው ካርታል የሚሉትን የእንጨት ማንኳኪያ ያንኳኳሉ። ድንገት መሃል ላይ ያቆማሉ። ስንኙ ምን ማለት እንደሆነ ለሰዉ ያስረዳሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ለካ አስተማሪ ነበሩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1954 የተወለዱ፣ በዚያው በአንቲ አገር፣ በማልዋ፣ የሉኒያኬዲ መንደር ሰው ናቸው፤ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ከነበረው ከዳሊት ማኅበረሰብ። መጀመሪያ የማረካቸው የታምቡራው ድምፅ ነው አሉ አንቲ፤ ትርጉሙ በኋላ መጣ። በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 የህንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የክብር ሽልማት ሸልሟቸዋል። እኔን የገረመኝ ግን ያ ማቆማቸው ነው። ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ድምፁን ያሳያል። እሳቸው ሰሚው ነገሩ እንዲገባው ይጨነቃሉ።

የሚያዜሙት የካቢርን ግጥም ነው። ካቢር በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቫራናሲ በምትባለው የሂንዱዎች ቅድስት ከተማ የኖረ ሸማኔ ነበር።

«ሸማኔ?» አሉ አባባ። ቀና አሉ። «እንደኔ?»

እንደርስዎ፣ አልኳቸው። አባባ «ቁጢት በጣሽ» እየተባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንቲ ቀጠሉ። ቫራናሲ የሞተ ይጸድቃል፣ ማግሃር በምትባል ሌላ ከተማ የሞተ ግን አህያ ሆኖ ይወለዳል ይባል ነበር። ካቢር በእርጅናው ሆን ብሎ ማግሃር ሄዶ ሞተ ይላሉ። ዛሬ እዚያ የሂንዱዎቹ መታሰቢያና የሙስሊሞቹ መቃብር ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱም የእኛ ነው ይላሉና። አባባ አህያው ላይ ሲደርሱ ሳቁ። ዴልሂ ከገባን መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው።

የካቢር ነው የሚባል ሌላም ዜማ አለ። ሰውነት ስስ ሸማ ነው ይላል። ድሩ ምንድን ነው፣ ማጉስ? ብሎ ይጠይቃል። ለመሸመን አሥር ወር ፈጀ። ሰው ሁሉ ለብሶ አቆሸሸው፤ ካቢር ግን ተጠንቅቆ ለብሶ እንደነበረ መለሰው።

አባባ ብዙ ዝም አሉ። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ክር እንደሚፈልግ ሰው ይሄዳል።

«የኔ ድሩ ተበጥሷል» አሉ በመጨረሻ። «የተበጠሰ ድር ይቀጠላል። ሐኪሙን ጥሪልኝ።»

ሐሙስ ማታ አንድ የወሎ ልጅ ዴልሂ ያለው የሱፊው ወልይ የኒዛሙዲን አውሊያ መቃብር ወሰደኝ። ቀዋሊ የሚሉት የሱፊዎች መንፈሳዊ ዜማ ሲዜም «መንዙማ መንዙማ ይለኛል» አለ። እኔም አባባን እያሰብኩ አለቀስኩ። በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ተሠራ። አባባ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደወጡ የጠየቁት ውኃና የአንቲን ስልክ ነው። ቲፓኒያን ስክሪኑ ላይ ሲያዩ «ታላቅ ወንድሜ መጣ» ይላሉ።

ጋሽ ፕራህላድ፣ ይህ ደብዳቤ ይደርስዎት እንደሆነ እንጃ። አባቴን መልሰው ሰጥተውኛል። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

አባባ ከትናንት ወዲያ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ሸማ ዕቃቸው ፊት ተቀመጡ። ሐኪሙ የፈቀደላቸው በቀን አንድ ሰዓት ነው። ሁለት ጋቢ ጀምረዋል፤ አንዱ ለአንቲ፣ አንዱ ለእርስዎ። የእርስዎን ጥለት ምን ዓይነት ቀለም እንደሚያደርጉት ገና አልወሰኑም።