ለዕድር አዳራሻችን ምሰሶዎች የድጋፍ ጥሪ፤ ኮምቦልቻ

የዕድራችን አባላት፣ ጎረቤቶች፣ አዲስ አበባም ባሕር ማዶም ያላችሁ የኮምቦልቻ ልጆች፦

አዳራሹን የተሸከሙት 12 ምሰሶዎች 100 በ100 ሚሊሜትር፣ የብረታቸው ውፍረት 3 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬዎች (ውስጣቸው ባዶ የብረት ቱቦዎች) ናቸው፤ ቁመታቸው 4 ሜትር። የተቀቡት ቀለም ለዝገት እንጂ ለእሳት አይደለም። ድንኳኑ፣ ፍራሹና የፕላስቲክ ወንበሩ ደግሞ የሚከመረው እግራቸው ሥር ነው።

«ብረት ይቃጠላል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አይቃጠልም፤ ግሎ ይልፈሰፈሳል። ለመቅለጥ 1500 ዲግሪ ገደማ ቢፈልግም 600 ላይ ጥንካሬው ከግማሽ በታች ይወርዳል። እሳቱ ከበረታ እንዲህ ያለ ስስ ቱቦላሬ እዚያ ለመድረስ 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል።

ስለዚህ ምሰሶዎቹን በዙሪያቸው 5 ሴንቲሜትር ኮንክሪት እናለብሳለን። ሲሞቅ የሚያብጥ የእሳት ቀለም አለ፤ ለስስ ብረት ግን በወፍራሙ መቀባት ስላለበት ዋጋው አይቀመስም። የላላው ቀለምና ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል። ከዚያ የሽቦ መረብ ይጠመጠማል፤ መረቡ ብረቱ ላይ ከተለጠፈ ጥቅም የለውም፣ ከኮንክሪቱ መሐል መዋል አለበት። ያለ መረብ የተሞላ ኮንክሪት በእሳት ተሰንጥቆ ይረግፍና ብረቱን ራቁቱን ያስቀረዋል። ሙሌቱ በሁለት ዙር፣ 2 ሜትር 2 ሜትር ይሆናል።

ብዙ ቦታ የሚበላሸው ጫፉ ላይ ነው። ከላይ ያለው አግዳሚ ብረት ኮንክሪት ስለማያስገባ የመጨረሻው 20 ሴንቲሜትር «ማን ያየዋል» ተብሎ ይተዋል። ሙቀቱ የሚታመቀው ግን ጣሪያው ሥር ነው፤ ያንን በመረብና በወፍራም ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኬት) በእጅ እንደፍናለን። ቱቦውን ከውስጥ ሙሉት ለምትሉን፦ የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳ ካልተበሳለት በእሳት ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል፤ አናደርገውም።

የሚያስፈልገን 6 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 1 ሜትር ኩብ ከጭቃ የጸዳ አሸዋ፣ 1.3 ሜትር ኩብ ከ10 ሚሊሜትር ያልበለጠ ጠጠር፣ 34 ካሬ ሜትር የሽቦ መረብና የፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ጣውላ በውሰት ነው። የዕቃ ቤቱን ቆጥ ለሚሸከሙት 2 አግዳሚዎች ደግሞ 6 ለእሳት የተሠራ ጅፕሰም ቦርድ፤ ድርብ ሆኖ ይለበጣል፣ የሁለቱ ንብርብር መጋጠሚያም ይዛነፋል። ተራው ቦርድ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ አታምጡልን።

ከሁሉ በፊት የአንድ መሐንዲስ የአንድ ቀን ጉልበት እንለምናለን። ልባሱ በየምሰሶው ወደ 290 ኪሎ ስለሚጨምር መሠረቱ ሳይታይ ሥራ አይጀመርም።

ዕቃም ገንዘብም የሚቀበለው የዕድሩ ሒሳብ ሹም ነው፤ ደረሰኝ ሳትይዙ አትሂዱ። ጉልበት ያላችሁ ከሙሌቱ በኋላ ለ7 ቀን ኮንክሪቱ ላይ የሚጠመጠመውን ጆንያ ጠዋትና ማታ ለማርጠብ ተመዝገቡ።