ሰኔ 30 እና ጳጉሜን 6፦ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የመንግሥት የሶፍትዌር ውሎች ከክፍት ምንጭ ማኅበረሰቦች የእትም ጊዜ ጋር እንዲጣጣሙ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ከሚገኘው የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሆኜ ነው። ቀን ተቀጥሬ ሶፍትዌር እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ፣ መብራት ካለ፣ ለክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ኮዳቸው ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት ለሆነ፣ የአማርኛ ትርጉምና የኮድ ማስተካከያ ያለ ክፍያ እልካለሁ።

መንግሥት የእነዚህ ማኅበረሰቦች ተጠቃሚ መሆኑ የታወቀ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው፤ ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ክፍት ምንጭ ሥርዓትም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሠራ ነው። የእንዲህ ዓይነት ሶፍትዌሮች ሥራ ግን በእኛ የበጀት ዓመት አይመራም። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት (ከርነል) አዲስ እትም ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል፤ አዲስ ኮድ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲሆን የቀረው ጊዜ ስሕተት የሚታረምበት ነው። በሊኑክስ ላይ ከተገነቡት ሥርዓቶች ኡቡንቱ በየኤፕሪሉና በየኦክቶበሩ (እ.ኤ.አ.) ይወጣል፤ ደቢያን ግን እንደ ጠላ ነው፣ ሲደርስ እንጂ ቀን ስለተቆረጠለት አይቀዳም። ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች እትሙ ከመውጣቱ በፊት በስክሪን ላይ የሚነበቡትን ጽሑፎች ይቆልፋሉ፤ እኔን የመሰለ ተርጓሚ ሥራውን የሚጨርሰው በዚያች አጭር ጊዜ ነው፤ ከእርሷም ላይ መብራትና ኔትወርክ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ።

በ2015 ዓ.ም. ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም የሚጠቀምበት ክፍት ምንጭ ሥርዓት ጳጉሜን 6ን እንደማይቀበል በሙከራ ላይ ደረስንበት። ማስተካከያው ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነበር። ሆኖም የማኅበረሰቡ ቀጣይ እትም ለአዲስ ኮድ ተዘግቶ ስለነበር ሁሉም ወደሚጋራው ዋና ኮድ ለማስገባት ጥቂት ወራት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፤ ተቋሙ ደግሞ ሰኔ 30 ካለፈ በጀቱ ተመላሽ ስለሚሆንበት በራሱ ሰርቨር ላይ ባለው ቅጂ ብቻ እንድንለጥፍለት አዘዘን። ለጠፍን፤ ክፍያውም በጊዜው ተፈጸመ። አዲሱ እትም ከነደኅንነት ማሻሻያው ሲመጣ ግን ከእኛ ልጣፊ ጋር ተጋጨ፣ ተቋሙም ሳያሻሽል በአሮጌው ላይ ቀረ።

ማኅበረሰቦቹን ማጣደፍ መፍትሔ አይሆንም። ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ለዓመታት የያዘው አንድ ያልተከፈለው ሰው ነበር፤ «ሥራው ዘገየ» የሚሉ ተደጋጋሚ መልእክቶች ሲያስጨንቁት አጋር መስሎ ለቀረበ ሌላ ሰው ኃላፊነቱን አካፈለ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በፕሮግራሙ ሁለት እትሞች ውስጥ የተደበቀ የሰርጎ ገብ በር ተገኘ። የተገኘውም አንድ መሐንዲስ የሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስላጠራጠረው ነው። በአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር የሚሠለጥኑ ወጣቶቻችን የመጀመሪያ ኮዳቸውን ሲልኩ የሚያነብላቸውም እንዲሁ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተመካክሮ የሶፍትዌር ማሻሻያ ውሎች ርክክብ ከሰኔ 30 ይልቅ ከማኅበረሰቡ እትም ጋር እንዲታሰር፣ ቀሪ ክፍያውም ወደ ቀጣዩ በጀት ዓመት እንዲሻገር መንገድ ቢያበጅ እጠይቃለሁ። የመንግሥት ባለሙያ ለዋናው ኮድ የሚያበረክትበት ሰዓትም እንደ መደበኛ ሥራ ይቆጠርለት። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳቋቋመችው ያለ ለሶፍትዌር ጠባቂዎች የሚከፍል ፈንድ ለጊዜው ከአቅማችን በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት መፍቀድ ግን አይደለም።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ይመጣል። ማስተካከያችን አሁንም በዚያ ተቋም ሰርቨር ላይ ብቻ ነው ያለው፤ ኮዱ የተቋሙ ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃዱ መላክ አንችልም። ፈቃዱ ቀጣዩ እትም ከመዘጋቱ በፊት ከደረሰን የቀረው የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ መብራት ካልጠፋ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከቱሉ ዲምቱ