«መቼ ነው የሚያባራው?» ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከካፋ ዞን፣ ከጊምቦ ወረዳ ነው። ቡና አለን፣ እንሰት አለን፣ ጥቂት ቀፎም አለን። ዝናብ አልጠፋብንም። ጥያቄዬም ስለ ድርቅ አይደለም።

በብዙው የአገራችን ክፍል ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ የሚጠይቀው «ዘንድሮ ይዘንብ ይሆን?» ብሎ ነው። እኛ ጋ «መቼ ነው የሚያባራው?» ነው የሚባለው። በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብበት አገር «ከመደበኛ በላይ ይዘንባል» ሲባል ብንሰማ ምን እናደርገዋለን? ከመደበኛ በታች ቢሆንም እኮ ያው ብዙ ነው። የሚጎዳንም የሚጠቅመንም የዝናቡ ድምር አይደለም። የሚገባበት፣ መሃል ላይ የሚቋረጥበትና የሚወጣበት ቀን ነው።

የወቅት ትንበያ ዓመቱን በሦስት ይከፍለዋል። በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። ለሸዋና ለወሎ ይመቻል። የእኛ ዓመት ግን እንዲህ አይቆረጥም። ዝናብ አምጪው የነፋሳት መገናኛ ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲወጣ ቀድሞ እኛ ጋ ይደርሳል። ወደ ደቡብ ሲመለስ ደግሞ ዘግይቶ ይለቀናል። ስለዚህ ዝናቡ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይገባና እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር ይቆያል። በልጉና ክረምቱ መሃል ይህ ነው የሚባል ክፍተት የለም። ደህና ደረቅ የሚባሉት ታኅሣሥና ጥር ናቸው፤ እነሱም አልፎ አልፎ ያርሱናል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን በሦስት በተቆረጠ መግለጫ ውስጥ የእኛ አንድ ረጅም ወቅት ተሰነጣጥቆ ይቀራል።

ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ በቡና ልንገራችሁ።

ቡና ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያውን ጥሩ ዝናብ ሲያገኝ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ያብባል። ማሳው ነጭ ይለብሳል፣ ንቡም ይሰክራል። ችግሩ ዝናቡ ብቅ ብሎ ሲጠፋ ነው። አበባው ይጠወልጋል፤ የተረፈውም በየተራ ያብባል። በየተራ ያበበ ቡና በየተራ ነው የሚቀላው። ከስምንት ዘጠኝ ወር በኋላ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ደርቆ የቀረውም አብሮ ይገኛል። ለቃሚ ደጋግሞ መግባት አለበት። ለቃሚ ደግሞ በነፃ አይገባም። የየካቲት ዝናብ አጀማመር የጥቅምትን ወጪ ይወስናል ስል ይህን ማለቴ ነው።

ከዚያ ማድረቁ ይመጣል። የለቀማው ዋና ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በወረቀቱ በጋ ነው። እኛ ጋ ግን ሰማዩ ገና አልጨረሰም። የተለቀመው እሸት ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና እስኪሆን፣ ፀሐይ ካለ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ደመና ከበዛ አራትም ይሞላዋል። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ልብ አይጣልም። ግማሽ የደረቀ ቡና እንደገና ከራሰ ይሻግታል። ሸራ አልብሰነው ብንተወው ደግሞ ከውስጥ ያልበዋል። ሲሸፈንና ሲገለጥ፣ ሲገለጥና ሲሸፈን ቀኑ ያልቃል። (ውሽውሽ የሻይ ልማቱ ቅርባችን ነው። ሻይ ዝናብ ይወዳል፣ የሚደርቀውም በማሽን ነው። በኅዳር ዝናብ ጊዜ እቀናባቸዋለሁ።)

እንግዲህ ገበሬው በዚህ ጊዜ በእጁ ያሉ ውሳኔዎች አሉ። ለቀማውን ጥቂት ቀን ሊያዘገይ ይችላል። ሸራ ቀድሞ ሊገዛ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡናውን እሸት እያለ ለማጠቢያ ጣቢያ ይሽጥ ወይስ በጀንፈል ያድርቀው የሚለውን ይወስናል። ጀንፈል መሸጫ ጊዜን ለመምረጥ ይመቻል፤ ግን ፀሐይ ላይ የሚደረግ ቁማር ነው። «በሚቀጥሉት አሥር ቀናት በካፋ ዝናቡ ይበረታል፣ ከዚያ በኋላ ጋብ ይላል» የምትል አንዲት መስመር ይህን ውሳኔ ትቀይራለች። የአሥር ቀን የግብርና መግለጫ ማውጣት ለእናንተ አዲስ ሥራ አይደለም። የምጠይቀው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ መግለጫው የዝናቡን መጠን ብቻ ሳይሆን የደረቅ ቀናቱን ርዝመት እንዲነግረን ነው።

የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሲሞቅ በምሥራቅ አፍሪካ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ እንደሚበረታ ባለሙያዎቻችሁ ያውቃሉ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ያየነው ነው። የባሕሩ ምልክት ከዝናቡ ቀድሞ ይታያል። እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ለደቡብ ምዕራብ ቡና አምራች ምን ማለት እንደሆነ በመስከረም ብትነግሩን ለመዘጋጀት እንደርሳለን።

ሌላም አለ። ዞናችን ከኦሞ ሸለቆ ቆላ እስከ ከ3000 ሜትር በላይ ደጋ ይደርሳል። የዞኑ ከተማ የቦንጋ ቁጥር ለቦንጋ ነው። ዳገት ላይ የሚኖረው ሰው ዝናቡ ለቀናት ሲደራረብ መሬቱ ምን ያህል ውሃ እንደጠገበ የሚነግረው ይፈልጋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት አገር ያውቀዋል። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ።

አነጋገሩ ላይም ትንሽ። «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 40 በመቶ» የሚለው አባባል ለባለሙያ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ደግሜ ነው የማነበው። በቋንቋችን በካፊኖኖ፣ በአካባቢው ኤፍ ኤም ሬዲዮና በቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኞች (ዲኤዎች) በኩል በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ቢነገር እናቶቻችን ሳይቀሩ ይሰሙታል። ቴሌግራም የሚደርሰው ስልክ ላለው፣ ለዚያውም ኔትወርክ ሲኖር ነው።

ባዶ እጄን አልጠይቅም። የዝናብ መለኪያ በየቀበሌው፣ በትምህርት ቤት ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ግቢ ብታቆሙ፣ ጠዋት ጠዋት አንብቦ የሚመዘግብ ሰው አናጣም። ለመጪው ለቀማ ከሁለት ከሦስት ቀበሌ መጀመር ይቻላል። ዳገት ላይ ያለ አንድ፣ ወንዝ ዳር ያለ አንድ። ቦታውን ለማሳየት ዝግጁ ነን፤ ቦት ጫማ ግን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ቡና አምራች፣ ከጊምቦ ወረዳ