የተገልጋዩ ማኅደር ከመሳቢያ ከወጣ ቆይቷል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለጀማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለሚዘጋጁ መማሪያ መጻሕፍት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ በአብዛኛው ተስማምቻለሁ። አንድ ያልተነሣ ጉዳይ ግን አለ። የሶሻል ወርክ መግቢያ ኮርስ አስተምራለሁ፤ ለትምህርቱ ስዘጋጅ የኢንተርኔት ሕግ መግቢያ መጻሕፍትንም አገላብጣለሁ። ሁለቱም የሚጽፉት ስለ አንድ ሰው፣ መረጃው ሌሎች እጅ ስለሚገባው ተገልጋይ፣ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላውን መኖር የሰማ አይመስልም።

ከራሴ ሙያ ልጀምር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ያው ታሪክ ነው፦ የሙያው ፈር ቀዳጅ ጄን አዳምስ፣ ቺካጎ፣ ድሆችንና ስደተኞችን ለማገልገል የተከፈተው ሀል ሃውስ፣ እ.ኤ.አ. 1889። (ቅሬታ የለኝም፤ ተማሪዎቼም ይወዱታል።) ቅር የሚለኝ የሥነ ምግባሩ ምዕራፍ ነው። ምስጢር ስለ መጠበቅ ሲያስተምር ዋናው ምሳሌ ዛሬም የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 የወሰነው የታራሶፍ ጉዳይ ነው። ታካሚው በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ እንደሚጥል ቴራፒስቱ ካወቀ ያንን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ትልቅ ፍርድ ነው፤ ከመጽሐፉ ይውጣ አልልም። ግን ምስጢሩ ያለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ዛሬ ተገልጋይ ችግሩን በዋትስአፕ ይጽፋል፤ ማኅደሩ ሌላ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከባሏ ዱላ የሸሸች ሴት ስልክ ያለችበትን ቦታ ለዚያው ሰው እየተናገረባት ሊሆን ይችላል። እኔ ያየኋቸው የመግቢያ መጻሕፍት ለዚህ የሚሰጡት ጥቂት አንቀጾች ነው፤ ያውም ወደ መጨረሻው፣ ፈተና ላይ የማይመጣው ቦታ።

ሙያው ራሱ ከመጻሕፍቱ ቀድሟል። የአሜሪካ ሶሻል ወርከሮች ብሔራዊ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንቡን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያሻሽል፣ ባለሙያው የተገልጋዩን ስም ኢንተርኔት ላይ ከመፈለጉ በፊት ፈቃዱን እንዲጠይቅ ጽፏል፤ ከባድና ቅርብ አደጋን ለመከላከል ያሉትን የመሳሰሉ ሁኔታዎች ሲቀሩ። ይህችን አንዲት ደንብ ክፍል ውስጥ ያነሣ መምህር ሙሉ ክፍለ ጊዜው እንደሚያልቅበት ይዘጋጅ። ተማሪው ሁሉ ስም መፈለግን እንደ ትጋት እንጂ እንደ ጥፋት አይቶት አያውቅም።

የኢንተርኔት ሕግ መጻሕፍቱ ደግሞ የሚነሡት ከኩባንያ ነው። ድረ ገጾችን ተጠቃሚዎቻቸው ለሚጽፉት ነገር ከተጠያቂነት የሚጠብቀው የአሜሪካው የ1996 ሕግ አንቀጽ 230፣ የቅጂ መብት፣ የዶሜይን ስም (የድረ ገጽ አድራሻ) ክርክር፣ የትኛው አገር ፍርድ ቤት ሥልጣን አለው የሚለው። የግል መረጃ ጥበቃ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ (GDPR) ይመጣል፤ ምሳሌዎቹ ግን ማስታወቂያና ኩኪ (ድረ ገጽ ጎብኚውን ለመለየት በመሣሪያው ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይል) ናቸው። ያው ደንብ ጤናን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ የፖለቲካ አመለካከትን ልዩ ጥበቃ የሚሹ መረጃዎች ይላቸዋል። አንድ ተራ የሶሻል ወርክ ማኅደር ከእነዚህ አብዛኞቹን በሁለት ገጽ ይዞ ይገኛል። ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ከየት ይመጣል?

ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ላይ ሊያስተምሩት የሚገባ ጉዳይ ጥቀስ ብባል የኔዘርላንድስን የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ ቅሌት እጠቅሳለሁ። የግብር መሥሪያ ቤቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆችን ያለ አግባብ በአጭበርባሪነት ፈረጀ። ማን ይጣራ የሚለውን የሚመርጠው የኮምፒውተር ሥርዓት የደች ዜግነት አለመኖርን እንደ አጠራጣሪ ምልክት ይቆጥር ነበር። ብዙ ቤተሰብ የማይከፈል ዕዳ ውስጥ ገባ። አንዳንድ ወላጆች ማኅደራቸውን ሲጠይቁ ገጹ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ደረሳቸው። መንግሥት በጥር 2021 ሥልጣን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በግብር መሥሪያ ቤቱ ላይ የ2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ከተጎዱት ቤተሰቦች ደግሞ ከ1,000 በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ነበር። የኢንተርኔት ሕግ ተማሪ ቅጣቱን ይማራል። የሶሻል ወርክ ተማሪ፣ ከተማረ፣ ስለ ልጆቹ ይማራል። ልጆቹን ለመለየት ሪፖርት የጻፈው ባለሙያ ዕዳው ከየት እንደመጣ ጠይቆ ነበር ወይ? «ስለ እኔ ምን መዝግባችኋል?» ብለው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ለወላጆቹ ለመንገር የሚያበቃ ትምህርትስ አግኝቶ ነበር?

«ሕጉን ለሕግ ባለሙያ ተዉት» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። አሜሪካዊው ዳኛ ፍራንክ ኢስተርብሩክ ገና በ1996 የኢንተርኔት ሕግ የሚባል የብቻ ትምህርት አያስፈልግም ብለው ተከራክረዋል፤ የፈረስ ሽያጭም የፈረስ ርግጫም የሚዳኘው በጠቅላላው ሕግ ነውና የ«ፈረስ ሕግ» የሚባል ኮርስ አንከፍትም እንዳሉት። እኔ ክርክራቸውን ለራሴ ጉዳይ እወስደዋለሁ። ሕጉ ለብቻው የማይቆም ከሆነ መቀመጫው እያንዳንዱ ሙያ ውስጥ ነው፤ የእኛም መጽሐፍ አንዱ መቀመጫ ነው።

ስለዚህ ለአሳታሚዎች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በቀጣዩ እትም የምስጢር ጥበቃው ምዕራፍ ከማኅደሩ ጉዞ ይነሣ፦ ማን ጻፈው፣ የት ተቀመጠ፣ ማን ከፈተው፣ ሾልኮ ቢወጣ ለማን በስንት ሰዓት ይነገራል። የአውሮፓው ደንብ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ለማሳወቅ የሚሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ነው። የኢንተርኔት ሕግ ጸሐፊዎችም ከኩኪ ምሳሌዎቻቸው አንዷን በድጎማ አመልካች ይተኩልን። ቦታ ከጠበበ ከታሪኩ ምዕራፍ ጥቂት ገጾች ቢቀነሱ ጄን አዳምስ የሚቀየሙ አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶሻል ወርክ መምህር