«የትኛው ሴል?» ላለሽ ሰው

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስትደውዪ ድምፅሽ ከወትሮው ተለየብኝ። የታመምሽ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ኋላ ነገሩ ገባኝ። የአንጎልን ሥራ በሒሳብ ቀመር ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን፣ ስንት ወር የለፋሽበትን ሞዴል ስታቀርቢ አንድ ሰው «ታዲያ ይህን ስሌት አንጎል ውስጥ የሚሠራው የትኛው ሴል ነው?» አለሽ። መልስ አጣሽ። «እማዬ፣ የምሠራው ሁሉ ከእውነተኛው አንጎል ጋር ባይገናኝስ?» ስትዪኝ አንጀቴን በላሽው። ስልኩ ላይ የረባ ነገር አልመለስኩልሽም። ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ።

አንቺ ይህን ትምህርት ከጀመርሽ ወዲህ እኔም ያገኘሁትን ሳነብ ከርሜያለሁ። ከልቤ ያልወጣው የነርቭን ምልክት በቀመር የገለጹት የሁለቱ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች፣ የሆጅኪንና የሃክስሊ ታሪክ ነው። ቀመራቸውን በየቀኑ ትሠሪበታለሽ፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ ሰዎቹን አስቢያቸው። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር የነርቭ ክር አለው። በዓይን ይታያል። እዚያ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ኤሌክትሪኩን ለኩ። ምልክት ሲያልፍ ወደ ክሩ ሶዲየም ይገባል፣ ከክሩ ፖታሲየም ይወጣል፣ በጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ሁሉም ያልቃል። ለዚህ ነው ቀመር የጻፉለት።

ቀመሩን ለመፈተን ማስላት ነበረባቸው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያው ሰሞን ለማሻሻያ ሥራ አቁሟል። ሃክስሊ በእጅ የሚዞር የሒሳብ ማሽን ይዞ ተቀመጠ። ቁጥር ያስገባል፣ እጀታውን ያዞራል፣ የወጣውን ይጽፋል፣ እንደገና ያዞራል። ሳምንታት ፈጀበት። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ የወጣው ሞገድ ከነርቩ ላይ ከለኩት ጋር ገጠመ። ሥራው በ1952 ታተመ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)።

አሁን ልብ በዪ። የፖታሲየሙ ስሌት የገጠመላቸው፣ አራት ነገሮች አንድ ላይ ቦታቸውን ሲይዙ ብቻ ፖታሲየሙ የሚያልፍበት መንገድ ይከፈታል ብለው ሲያስቡ ነው። እነዚያን አራት ነገሮች ያየ ሰው አልነበረም። እነሱም ቀመሩ ስለገጠመ ብቻ ተፈጥሮ በዚህ መንገድ ነው የምትሠራው ብሎ መደምደም እንደማይቻል እዚያው ጽሑፋቸው ላይ አስጠነቀቁ። ኔርና ሳክማን የተባሉ ተመራማሪዎች በሴል ሽፋን ላይ ባለች በአንዲት ነጠላ ቀዳዳ የሚያልፈውን ፍሰት የለኩት በ1976 ነው። በ1998 ደግሞ ሮድሪክ ማኪነን የተባለ ተመራማሪ ከባክቴሪያ የተገኘ የፖታሲየም መተላለፊያ ቅርጹ ምን እንደሚመስል አሳየ። አራት ተመሳሳይ ክፍሎች ቀዳዳውን ከበውት ቆመዋል። አራት! ይህን ያነበብኩ ቀን ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

እና ያ ሰው በ1952 ቢኖር ኖሮ «የሚከፈተው የትኛው ነገር ነው?» ብሎ ሁለቱንም ዝም ያሰኛቸው ነበር። ጥያቄው ግን ሥራቸውን አላፈረሰውም። ለሌሎች የሚፈልጉትን ነገር ሰጣቸው እንጂ።

ሴሉን ብቻ የሙጥኝ ያሉትም ቢሆኑ መንገዳቸው አልጋ በአልጋ አይደለም። ሲ. ኤለጋንስ የምትባለው የትንሿ ትል 302 የነርቭ ሴሎች እንዴት እንደተያያዙ የሚያሳየው ካርታ የወጣው በ1986 ነው። እስከዛሬ ካርታውን ብቻ አይቶ ትሏ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ መናገር አልተቻለም። ተመራማሪዋ ኢቭ ማርደር ስንት ዓመት ያጠናችው የሸርጣን ሆድ ዕቃ የነርቭ መረብ ደግሞ ሠላሳ ያህል ሴል ቢኖረው ነው። እዚያም የሴሎቹ ውስጣዊ ሁኔታ ከሸርጣን ሸርጣን ብዙ እየተለያየ መረቡ የሚያወጣው ምት ግን ያው ሆኖ ይገኛል። ሠላሳ ሴል እንዲህ ካስቸገረ ሰማንያ ስድስት ቢሊዮን ያለው የሰው አንጎል እንዴት ሊሆን ነው?

ቀመሩና የሴሉ ካርታ ሲገናኙ የሚሆነውን በ2024 ከወጣው የዝንብ ጥናት ላይ አይተሻል። የአንዲት የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ አንጎል ካርታ ወጣ፤ ወደ 139 ሺህ ሴል፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሲናፕስ (ሴል ከሴል የሚገናኝበት ነጥብ)። በዚያ ካርታ ላይ ቀላል ሞዴል ሠሩ። እያንዳንዱ ሴል የሚመጣለትን ያጠራቅማል፣ ሲሞላለት ምልክት ይተኩሳል፣ በቃ። ከዚያ የስኳር ጣዕም የሚቀበሉትን ሴሎች ኮምፒውተር ላይ ቀሰቀሷቸው። ምልክቱ ከሴል ሴል ሄዶ ሄዶ፣ ዝንቧ ለመብላት አፏን የምትዘረጋበትን ጡንቻ ከሚያዙት ሴሎች ደረሰ። ሞዴሉ የተነበየውን በሕይወት ባሉ ዝንቦች ላይ ሲፈትኑት አብዛኛው ልክ ሆነ። ሞዴሉ እኮ ብዙ ነገር ይጎድለዋል፤ ረሃብና ጥጋብ የሚለውጡት ኬሚካል እንኳ የለበትም። ቢሆንም የት መፈለግ እንዳለባቸው ነገራቸው።

ስለዚህ ያን ሰው አትሽሺው። ሂጂና አግኚው። የየትኞቹን ሴሎች ምልክት እየለካ እንደሆነ ጠይቂው። ከዚያ በፊት ግን ሞዴልሽን ክፈቺና እስካሁን ማንም ያልለካውን ምን እንደሚተነብይ ፈልጊ። አንድ ትንቢት ይበቃል። ይዘሽለት ሂጂ።

ምን እንዳለሽ ደውለሽ ንገሪኝ። ቢመሽም አልተኛም።

እናትሽ