እምዬ እንዝርታቸውን አላስቀመጡም

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንደምን አሉ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል፤ በመካከሉ ጦርነቱ እስከ በራችን መጥቶ ተመለሰ፣ የስልክ ቁጥርሽ ተለወጠ፣ እኔም ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተዛወርኩ። ባለፈው ወር ከወንድምሽ ጋር ሸዋበር ላይ ድንገት ተገናኝተን አድራሻሽን ሲሰጠኝ፣ በደወለልሽ ቁጥር ስለ እኔ ከመጠየቅሽ በፊት «የሐረጎዋ እምዬ አሉ?» እንደምትዪው ነገረኝ። ቅር አላለኝም፤ በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አስቀድሜ የምጠይቀው እሳቸውን ነበር። አሉ፣ ደኅናም ናቸው። ስልክ ደውዬ ይህንኑ ብቻ ነግሬሽ መዝጋት እችል ነበር፤ ነገር ግን የእሳቸው ደኅንነት በእጃቸው ሥራ ካልተነገረ የተነገረ አይመስለኝምና ወረቀት ማንሣቱን መረጥኩ።

ቤታቸው ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ከመለወጡ በቀር አንቺ የምታውቂው ያው ቤት ነው። ከደሴ ወጥተሽ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርጂ ጉሙ መኪናውን ይሸፍነውና ድንገት ሲገለጥ የኮምቦልቻ ሜዳና የቦርከና ወንዝ ከእግርሽ ሥር ተዘርግተው ይታያሉ፤ ከዚያ ከአስፋልቱ ወርደሽ ቁልቁል በእግር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከደጋ ወደ ወይና ደጋ መውረድሽን ጆሮሽ ራሱ ይነግርሻል። የእምዬ ጓሮ በመካከሉ ያለ በመሆኑ የሁለቱንም በረከት ይቀምሳል፤ ከላይ የደጋው ባቄላና የበግ ጸጉር ይወርድላቸዋል፣ ከታች የቆላው ጥጥ ይወጣላቸዋል፣ በደጃቸው ማሽላው ይቆማል።

ከተማ ያለን ሰዎች ስለ ገጠር ኑሮ ስናወራ ንጹሕ አየርና ጸጥታ ብቻ ይታየናል። ባለፈው ዓመት ለጥየቃ አብረውኝ የመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ከደጃፉ ቆመው «እንዴት የታደለ ኑሮ ነው!» እያሉ ፎቶ ሲነሡ፣ እምዬ ጥቂት ሰምተዋቸው «እንግዲያው ከወደዳችሁት ያንን ጀሪካን ከምንጩ ሞልታችሁ አምጡልኝ» አሏቸው። ሁለቱ ሄዱ፤ አንደኛው ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞት ውኃውን አጉድሎ ተመለሰ። እምዬን የምታውቂያቸው እንደዚሁ ነው፤ ማንም እንዲያዝንላቸው አይፈልጉም፣ ማንም እንዲያሞግሳቸውም እንዲሁ። እኔ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ እየወረድኩ አብሬያቸው መዋል ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ እሳቸው ዘንድ ሥራ የሚባል ጊዜና ዕረፍት የሚባል ጊዜ ተለይተው አይታወቁም። የሚያርፉት አንዱን ሥራ በሌላው ሥራ ነው።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ እሳት ያነዳሉ፣ ላሟን ያልባሉ። የወተቱ ቅል ሁልጊዜ በወይራ ይታጠናል፤ የወይራውን ፍልጥ አቀጣጥለው ነበልባሉ ሲጠፋ ፍሙን ወደ ቅሉ ይከቱትና አፉን ደፍነው ይነቀንቁታል፣ ከዚያም አመዱን አራግፈው በንጹሕ ሣር ውስጡን ይወለውሉታል። ወተቱ ቶሎ የማይበላሸውም፣ ያ ጥዑም መዓዛ የሚቀረውም በዚህ ነው። የረጋው ሲናጥ ምራታቸው ትንጣለች፣ እሳቸው ግን ከጎኗ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ቅቤው ሊወጣ ሲል የሚንቦጫረቀው ድምፅ ይለወጣልና፣ ሌላ ሥራ ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተው ሳለ እንኳ «በቃሽ፣ ወጥቷል» ይሏታል። እኔ ብዙ ጊዜ ጆሮዬን አቅንቼ ሞክሬ ልዩነቱ አልተሰማኝም።

በዚህ ሁሉ መካከል እንዝርቷ ከእጃቸው አትለይም። ጥጥ የሚገዙት ፍሬው ሳይወጣለት ነው። የተዳመጠው ገበያ ላይ ሞልቶ ሳለ ለምን እንደሚደክሙ ብጠይቃቸው፣ ሌላ ሰው የዳመጠው ጥጥ አሮጌ ይሁን አዲስ፣ ከምን ጋር ይቀላቀል አይታወቅም አሉኝ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ዘርግተው የብረት መዳመጫውን ሲያንከባልሉበት ፍሬው ወደ ፊት ጠብ ጠብ ይላል፣ ጥጡ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት በተመታ ቁጥር የተጋገረው ጥጥ ይፈታታና የሐረጎን ጉም መስሎ ይነሣል። ያ ተጠቅልሎ ባዘቶ ይሆናል። እንግዲህ እምዬ ባዘቶውን በግራ እጃቸው ከፍ አድርገው ይይዙና እንዝርቷን ጭናቸው ላይ አንዴ አሹረው ይለቋታል፤ እሷ እየዞረች ስትወርድ ክሩ ከጣታቸው ጫፍ ይመዘዛል። ውፍረቱን የሚለኩት በዓይናቸው አይደለም፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። አውራ ጣታቸውና ጠቋሚ ጣታቸው በቂያቸው ናቸው፣ ክሩ ትንሽ ሲያብጥ ወዲያው ይይዙታል፤ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ያቺን እብጠት ፈትተው እንደገና ያከርሯታል።

ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ እንኳ ዛሬ አይፈትሉም፤ ሸማኔው ለድር የሚጠቀመው ከሱቅ የሚገዛ የፋብሪካ ክር ነው፣ የእሳቸው ድርሻ በአግድም የሚገባው ማግ ብቻ ሆኗል። ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1970ዎቹ ሲተከል የመንደሩ ሴቶች «እንግዲህ እንዝርት ቀረ» ብለው ነበር አሉ። እምዬ ግን የፋብሪካ ክር ጠንካራ ስለሆነ ለድር ይሆናል እንጂ ለማግ ሙቀት የለውም ብለው ተከራከሩ፤ ደግሞም አልተሳሳቱም። በእጅ ልል ሆኖ የተፈተለ ማግ በውስጡ አየር ይይዛል፣ በብርድ ጊዜ ገላን የሚያሞቀውም ያ ተይዞ የቀረ አየር ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ ሳስረዳ የማሳያቸው የእሳቸውን ጋቢ ነው።

ስለ ጋቢ ካነሣሁ ዘንድ፣ ለአባትሽ ከእምዬ እጅ የወጣ ጋቢ እንደምትፈልጊ ወንድምሽ ነግሮኛል። እኔም ነግሬያቸዋለሁ። እሺ ብለዋል፣ ቀን ግን አልቆረጡም፤ ለፋሲካ ይደርሳል ብለሽ ለአባትሽ ቃል እንዳትገቢ አደራ። ነጠላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ የጋቢ ድርቡ አራት ነውና የሚፈጀው ማግ ብዙ ነው። ሸማኔው በቀናት ይጨርሰዋል፣ ፈትሉ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ያውም በሐዘን፣ በሰርግና በአጨዳ መካከል እየተቆራረጠ። ገንዘብ እልካለሁ እንዳትዪ፤ የሸማኔውን ዋጋ ትከፍያለሽ፣ የፈትሉን ነገር ካነሣሽባቸው ግን ይቆጡሻል።

አሁን ማሽላው እሸት ስለያዘ የቤቱ ልጆች ሁሉ ከማሳው አይለዩም። ጠዋትና ማታ ማማው ላይ ወጥተው ግሪሳውን በወንጭፍ ይከላከላሉ፣ ቀኑን ደግሞ ጥንቅሽ ሲያላምጡ ይውላሉ። እምዬ ከዋናው ማሽላ መካከል ሆን ብለው ጥቂት «ወተት በጉንጬ» ይዘራሉ፤ ለእንጀራ ብለው አይደለም፣ እሸቱ በእሳት ተጠብሶ እንዲበላ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ከንፈራችን እስኪጠቁር የበላነው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ብዙ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ክፍል ከሁሉ ልቀው ያገኟቸው ሁለት ዘሮች የወሎ ማሽላዎች ነበሩ፤ የወሎ ገበሬም እንደ እምዬ ከሌላው ጋር እየቀላቀለ ዘርቶ እሸታቸውን የሚጠብሳቸው ዓይነቶች ናቸው። ይህን ስነግራቸው «እሱን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ ወሰዱት?» ብለው ሳቁ።

የዘር ነገር ሲሆን ግን አይስቁም። ማሽላው ገና ከማሳ ሳይነሣ ከራሱ መካከል የሚወዱትን እየመረጡ ያስቆርጣሉ፣ ከማድ ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃው ትይዩ ያሰቅሉታል፤ ጭሱ ዓመቱን ሙሉ ስለሚያገኘው ነቀዝ አይደፍረውም። ስለ 1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ግን ያንን የጠቆረ ዛላ አብረን ስናወርድ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «ለዘር የተቀመጠን ልጅ አለቀሰ ብለሽ አትነኪውም» አሉኝ። የትኛው ልጅ እንዳለቀሰ አልጠየቅኋቸውም፤ አንቺም ብትመጪ እንዳትጠይቂያቸው።

ቡናው ከዐሥር ሶላት በኋላ ይፈላል። አሁንም በጨው ነው፤ ለእኔ ስኳር ቢያስቀምጡልኝም እያዘኑብኝ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፤ ለሚጾመው ቆሎው ለብቻ ይቆላል፣ እንግዳ ካለም ወሬው እስከ በረካ ይዘልቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ከከተማ ሸሽተው እዚያ ቤት ካደሩት አንዷ ዛሬም በየጊዜው ስኳርና ሳሙና ይዛ ትመጣለች፤ እምዬ ይመርቋትና ሳሙናውን ለምራታቸው፣ ስኳሩን ለእኔ ይሰጣሉ። ምርቃቱ ላይ በስም ከሚጠሩት ሩቅ ካሉ ልጆች መካከል አንቺም አለሽበት፤ እኔ ሳላስታውሳቸው ነው የሚጠሩሽ።

ጅዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ዘወትር አርብ በቡና ሰዓት በቪዲዮ ትደውላለች። እምዬ ስልክ ማለት ጆሮ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው ብለው ስለሚያምኑ ልጅቷ የምታየው ጆሯቸውንና ከጆሯቸው ጀርባ የሰኳትን አሪቲ ብቻ ነው። እሷም ለምዳዋለች። የምትጠይቃቸው ላሟ ወልዳ እንደሆነ፣ ምንጩ ጎድሎ እንደሆነ፣ ቀጋው አብቦ እንደሆነ ነው፤ እሳቸውም ፊቷን ሳያዩ በልታ እንደሆነና እንዳልበላች ከድምፅዋ አውቀው ይቆጧታል። ከዚያች ልጅ በኋላ ከመንደሩ ሌሎችም ሄደዋል። በእርሻውና በወፍ ጥበቃው ላይ የሰው እጅ እያነሰ መምጣቱን በዓይን ታይዋለሽ፤ ደቦ የሚጠሩበት ቀን እንኳ ዛሬ ከበፊቱ ያነሰ ሰው ነው የሚወጣው።

ስፌቱን ግን የሚረከባቸው አግኝተዋል። የወንድሜ ትንሿ ልጅ ክረምቱን ሙሉ እሳቸው ጋ ከርማ ስንደዶ መለየት፣ ከውኃ ነክሮ ማለስለስና ወስፌ መያዝ ተምራለች። አክርማውን ከወንዙ ዳር አብረው አጭደው አመጡ። የመጀመሪያ ሥራዋ ሰፌድ ነበር፤ እጇ ጠብቆባት ክቡ ወደ ላይ ተቆለመመ። እኔ ብሆን «ጎበዝ» ብዬ ግድግዳ ላይ እሰቅልላት ነበር፣ እምዬ ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ እስከ መሐሉ ፈትተው መለሱላት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ምራታቸውም አኮረፈች። በማግስቱ ያው ሰፌድ እንደገና ተጀመረ፣ አሁን እህል ይነፋበታል። ማስተማር ሥራዬ ስለሆነ እኔ ይህን አካሄድ አልደግፈውም፤ ቢሆንም ሰፌዱን ሳየው የምለው አጣለሁ።

አሁን የጀመሩት ሌማት ነው፣ ልጅቷም አለላ፣ ማለትም ቀለም የተነከረ ስንደዶ፣ እያለች ታስጨንቃቸዋለች። አንድ የምለምንሽ ነገር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። እኛ ገበያ የሚሸጠው ቀለም ስንደዶው ላይ ሲነከር ያምራል፣ ትኩስ እንጀራ ሲያርፍበት ግን ይለቃል፤ ባለፈው ጊዜ እንጀራው ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ እምዬ ለዶሮ በተኑት። ሐዋሳ ገበያ የማይለቅ ቀለም የምታገኚ ከሆነ ቀዩንና አረንጓዴውን አብዝተሽ፣ ቢጫውን ጥቂት አድርገሽ ላኪልን፤ ሐምራዊውን ተዪው፣ ከዚያ ወዲህ ስሙም እንዲነሣባቸው አይፈልጉም። ከመላክሽ በፊት በትንሽ ሣር ላይ ነክረሽ፣ አድርቀሽ፣ በፈላ ውኃ ሞክሪው። ለወንድምሽ ከላክሽለት እኔ ቅዳሜ ስወርድ አደርስላቸዋለሁ። የአባትሽንም ቁመት ጻፊልኝ፤ ሸማኔው አጭር ጋቢ ከሠራ በኋላ መቀጠል አይቻልም ይላል።

ባለቤትሽንና ልጆችሽን ሰላም በዪልኝ።

ጓደኛሽ