ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የተላከ ምስጋና፣ በተለይ ለረዳቴ

ይድረስ በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በአዲስ አበባም ላላችሁ ዘመዶቼ፣ ጎረቤቶቼና የመንገድ ጓደኞቼ። እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ይህን የምትተይበው የልጅ ልጄ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ገና ከአሁኑ «አባባ፣ አጠር ያድርጉት» እያለችኝ ነው። አላሳጥርም።

የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንጀቴ ላይ የተገኘው ካንሰር አምና ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ወደ ቤቴም ተመለስኩ። ቁስሉ በቅጡ ሳይጠግ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት «ይውሰድ ወይስ አይውሰድ» የሚለው ጣጣ መጣ። ዛሬ ማመስገን የፈለግሁት በተለይ ስለዚህኛው ነው። ለቀዶ ሕክምና ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ይጸልያል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ አጥሚት ይዞ ይመጣል። ለውሳኔ ግን ምን ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም። ደግሞ ሰው 76 ዓመት ሲሞላው ሁሉም ይወስንለታል እንጂ ማንም አይጠይቀውም።

አንድ ቦታ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ውጤቱን የነገሩት ለልጆቼ ነው። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ከዘራዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። «አባታችሁ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ባታደክሟቸው ይሻላል» አሉ። ጆሮዬ እንደሚሰማ ያሰበ የለም። ቤት ስንገባ ደግሞ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የአዲስ አበባዋ ልጄ «ይወስዳል፣ አለቀ» ትላለች። የኮምቦልቻው ልጄ «በዚህ ዕድሜ ምን ኬሞ ነው፣ ተዉት በሰላም ይቀመጥ» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር ነው። ልጆቼ፣ ይህን ስታነቡ አትቀየሙኝ፤ የእናንተን ምስጋና ቤት ውስጥ ነው የምሰጣችሁ። እኔን ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ከዚያ ረዳቴ መጣ።

የአሰብን መስመር የሠራችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል፣ ስለዚህ ረዳቴ እያልኩ ልቀጥል። እኔ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ስነዳ እሱ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። ባቲን፣ ሚሌን፣ ኤሊዳርን፣ ማንዳን፣ ያን ሁሉ በረሃ አብረን ኖረንበታል። በ1990 ዓ.ም. መንገዱ ሲዘጋ እኔ ወደ ሌላ መስመር ዞርኩ፣ እሱ ኮምቦልቻ ገብቶ ጎሚስታ ቤት ከፈተ። ዛሬ እሱም የልጅ ልጅ አይቷል። እስካሁን ግን «ጋሼ» እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ይህ ሰው በዚያ ሰሞን ሥራውን ለልጁ እየተወ በጠዋት ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣ ነበር። ሐረጎ ጭጋጉ ሲወርድ የራስህን መኪና ኮፈን እንኳን አታይም። ይመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ስለ ጎማ ዋጋ ያወራል። በሽታውን አያነሳም። አንድ ቀን ልጆቼ በስልክ ሲጨቃጨቁ ሰማና፣ «እስቲ ስልኩን ዝጉትና ሁላችሁም አንዴ ውጡልኝ» አለ። በእኔ ቤት! ወጡለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ።

ልመልስለት ብዬ አፌ ተያዘ። አለቀስኩ። ይኸው አሁንም መጣብኝ። ቆይ ልጄ፣ ውሃ አምጪልኝ።

እሺ። ምን አልኩት መሰላችሁ? «እጄን» አልኩት። እጄ እንዲታዘዘኝ እፈልጋለሁ፤ የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ ልቆልፍ፣ በራሴ እጅ ልጉረስ፣ ሽንት ቤት ማንም ሳይደግፈኝ ልሂድ፣ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ወርጄ ከሹፌሮቹ ጋር ሻይ ልጠጣ። ዕድሜ ቢጨመርልኝ አልጠላም፤ አልጋ ላይ ተኝቼ የምቆጥረው ከሆነ ግን ይቅርብኝ። እሱ ከኪሱ ደብተር አውጥቶ ያልኩትን ሁሉ ጻፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ረዳቴ ባለቤቱን የቀበረው በዚሁ በሽታ ነው፤ የሷ የጡት ነበር፣ አላህ ይዘንላት። ኬሞ ወስዳለች። ያስታመማትም እሱ ነው። ታዲያ «ውሰድ» ወይም «ተው» ለማለት ከሱ የበለጠ መብት ያለው ሰው ማን ነው? አንድም ቀን አላለኝም። ስጎተጉተው «የሷ ሌላ፣ የእርስዎ ሌላ፤ ስሙ አንድ ቢሆንም በሽታውም መድኃኒቱም ለየቅል ነው» ብሎ ዘጋኝ። ሰው ሁሉ የአክስቱን ልጅ ታሪክ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አንዱ በኬሞ ዳነ፣ ሌላው በኬሞ ሞተ ይለኛል። የራሱን ሐዘን ታቅፎ ዝም ያለው እሱ ብቻ ነው።

ደብተሩ ላይ ጥያቄ ጻፍን። ይህ መድኃኒት የሚሰጠኝ ለማዳን ነው ወይስ ዕድሜ ለማቆየት? ባልወስደውስ? ከወሰድኩ የምደክመው መቼ መቼ ነው? እጄን ምን ያደርገዋል? መሃል ላይ ቢመረኝ ማቆም እችላለሁ ወይ? ይህችን የመጨረሻዋን አፍሬ ልተዋት ነበር። እሱ ነው ጽፎ ያሰመረባት።

ያንን ደብተር ይዘን ደሴ ሆስፒታል ካንሰር ክፍል ሄድን። ዶክተር፣ በዕድሜ ልጄ ስለምትሆኚ አንቺ ልበልሽ። ወንበርሽን ወደ እኔ ስበሽ ተቀመጥሽ፣ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች አነበብሽ፣ እያንዳንዷን ጥያቄ ለእኔ መለስሽ። ዕጢው ቢወጣም ከጎኑ ካሉት ንፍፊቶች አንዳንዶቹ ላይ ካንሰሩ ስለተገኘ፣ ዓይን የማያየው ቅሪት ሊኖር እንደሚችል ነገርሽኝ። ኬሞው ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል ይቀንሳል፣ ዋስትና ግን አይሰጥም፤ ሳይወስዱም የማይመለስባቸው አሉ፣ ወስደውም የሚመለስባቸው አሉ አልሽኝ። እንደዚህ ሳይሸፋፍን የነገረኝ አልነበረም። «ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም አባቴ» ብለሽ ከወንበር አስነስተሽ አስኬድሽኝ፣ ኩላሊቴን፣ ልቤንና ደሜን አስመረመርሽ፣ ምን እንደምበላና ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቅሽ። ሞተሩ ሳይታይ ጭነት አይጫንም፤ ይህ ለሹፌር ይገባዋል።

የእጄንም ነገር ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። ለዚህ በሽታ ኬፕሳይታቢን የሚባል የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ኦክሳሊፕላቲን የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ ደግሞ ይጨመርበታል። ይህ ሁለተኛው እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ድንዛዜውም ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ደሴ በብርዷ ታውቋት የለ፣ ብርድ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ግን መጨመሩ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው አልሽኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሁለት ወር ገደማ ሳያልፍ ቢጀመር እንደሚመረጥ ነግረሽኝም አላጣደፍሽኝም። ቤቴ ሄጄ አሰብኩበት። በደም ሥር የሚሰጠው ይቅር፣ ኪኒኑን ልውሰድ፣ እጄን ከያዘኝ እናቆማለን አልኩ። ኩላሊቴ ደከም ያለ ስለሆነ መጠኑንም ቀነስሽልኝ። እግዜር ያክብርሽ፣ ልጆች ይኑሩሽ፣ ካሉሽም ይደጉልሽ።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን አንድ አዛውንት ኬሞውን አልወስድም ብለዋል። የሳቸው ካንሰር ሌላ ነው፣ ተሰራጭቷል። የሕመም ማስታገሻ በደንብ ይሰጣቸዋል፣ ቤታቸው ናቸው፣ ሰው ይጠይቃቸዋል። እየተጠያየቅን ነው ያለነው፤ እኔ እሳቸውን አልወቅስ፣ እሳቸው እኔን አይወቅሱ። ይህንንም የምታወሩ ስላላችሁ ነው የጻፍኩት።

አሁን ወደ ረዳቴ ልመለስ፣ አልጨረስኩም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ኪኒኑ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ተበልቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው የሚዋጠው፤ ሁለት ሳምንት ይወሰዳል፣ አንድ ሳምንት ያርፋሉ። የንስሐ አባቴ «ብላ፣ ሕመምተኛ ነህ» አሉኝ፤ እሳቸውም ይመስገኑ። እንድበላ የተፈቀደልኝ እኔ ምግብ አልወርድልህ ሲለኝ፣ ያ ሰው ውሃ ባፉ ሳይዞር አጥሚቱን እያማሰለ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። «ጋሼ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ። ሰዓቱ ደረሰ።» እየተበሳጨሁ እጠጣለሁ። ኪኒኑን ያቀብለኛል፣ ደብተሩ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ቤቱ ለመድረስ ይሮጥና መንገድ ላይ በቴምር ያፈጥራል። ቆይቶ መዳፌና የእግሬ ውስጥ ሲቀላና ሲላጥም ቫዝሊን የቀባኝ እሱ ነው። የጎማ ሥራ ያሻከረው እጅ እንዴት እንዲህ ለስላሳ እንደሚሆን እንጃ። ወንድሜ፣ ምን ብዬ ልመርቅህ? አፊያህን ይስጥህ። ከባለቤትህ ጋር በጀነት ያገናኝህ።

ተቅማጡ የጠናብኝ ሌሊት ተረኛ የነበራችሁ ነርሶች፣ ሽማግሌ ውሃው ቶሎ እንደሚያልቅበት አውቃችሁ ወዲያው ጉሉኮስ የሰካችሁልኝ፣ አመሰግናለሁ። ያ ሆስፒታል በ2014ቱ ጦርነት ንብረቱ ሲዘረፍ እኔ ደሴ ነበርኩ፤ እዚያው ገብቼ እታከማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የላቦራቶሪና የፋርማሲ ሠራተኞች፣ የመናኸሪያ ሹፌሮችና ተራ አስከባሪዎች ለመድኃኒቱ ያዋጣችሁ፣ የእድራችን አባላት፣ የሰፈር ሴቶች፣ ሼሆቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ ከውጭ ሀገር የደወላችሁ፣ ሁላችሁም። ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ፤ ብጠራ ይህች ልጅ ጣቷ ይላጣል። ሥራሥር ያመጣችሁልኝም እንዳትቀየሙኝ፣ ከኪኒኑ ጋር አትቀላቅል ስለተባልኩ አልጠጣሁትም፤ ጠርሙሱን መልሳችሁ ውሰዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ይታረም። «ኬሞውን ጨረሰ» እያላችሁ እንኳን ደስ ያለህ የምትሉኝ አላችሁ። አልጨረስኩም። ክረምት ላይ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ መጀመሪያ መጠኑ ተቀነሰ፣ አልሆን ሲል ከዶክተሯ ጋር ተነጋግረን አቆምነው። ያቺን ረዳቴ ያሰመረባትን ጥያቄ አንስቼ «ያኔ እችላለሁ ብለሽኝ ነበር» አልኳት፣ «አዎ አባቴ፣ ይችላሉ» አለች። የአዲስ አበባዋ ልጄ አለቀሰች፣ በኋላ ግን ተቀበለችው። የእጄ ቆዳ ተመልሷል። አሁን ለክትትል ደም እሰጣለሁ፣ ቀጠሮዬን እጠብቃለሁ። ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሚያውቀው አንድዬ ነው።

ጥቅምት 27 የመድኃኔዓለም ዝክር አለኝ። ሁላችሁም ኑ። ቧንቧ ውሃ ደርሳችሁ የሹፌሩ ቤት ብትሉ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል። የሙስሊሙ እርድ ለብቻው ነው፣ የያዘውም ረዳቴ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ጠዋት እሱ ጎሚስታ ቤት ተሰብሰቡና በአንድ መኪና ኑ፤ ስትመለሱ ሐረጎን ሳይመሽ እለፉት።

የቀድሞው የአሰብ መስመር ሹፌር፣ ደሴ